በአሥራ ሁለት ሲቆጠር ሃምሳዬ ነው

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ደብዳቤው መጣ። «በማኅደርዎ ላይ በሰፈረው መሠረት ጥር 9 ቀን ስልሳ ዓመት ስለሚሞላዎ፣ ከዚያ ዕለት ጀምሮ በጡረታ የሚሰናበቱ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። ማኅተሙን ስሜ ላይ ነው የመቱት። «እንዳላማው» ከሚለው የሚነበበው «እንዳላ» ብቻ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተማርኩ። አማኑኤል ከተማ ውስጥ እኔ ያላስተማርኩት ሰው ቢኖር ወይ በዕድሜ የሚበልጠኝ ነው፣ ወይ እንግዳ ነው። ደብዳቤው ላይ የፈረመው፣ ይታያል የሚባለው ርዕሰ መምህራችን እንኳ፣ ተማሪዬ ነበር። ክፍልፋይ ሲያይ ሆዱን ያመው ነበር። አሁን እሱ እኔን ይሸኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይኸው ነው።

ጡረታውን አልጠላሁትም። (ጠልቼዋለሁ።) እኔ የምለው ዘጠነኛ «መ»ን በመስከረም ጀምሬ በጥር እንዴት ጥያቸው እሄዳለሁ ነው። እስከ ሰኔ ብቆይ ምን ይጎድልባቸዋል? አምስት ወር ናት።

ባለቤቴ ጥሩነሽ ደብዳቤውን አንብባ፣ እሰይ እንግዲህ ጣራውን ትጠግናለህ አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ተቻኩያለሁ፣ ክፍል አለኝ። ስልሳ። ስልሳ። ምን ያለ አስቀያሚ ቁጥር ነው። ሃምሳ ዘጠኝ ሞላህ ተብሎ የተሸኘ ሰው አላውቅም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ ነገሩ በራልኝ። አብዱልቃኒ ሱቅ እስክሪብቶ ልገዛ ገብቼ፣ መምህር ደርዘኑን ይውሰዱ፣ በደርዘን ይሻልዎታል አለኝ። አሥራ ሁለቱን እስክሪብቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። ለሁለት ከፈልኩት፤ ለሦስት ከፈልኩት፤ ለአራት፤ ለስድስት። አንድም አልተረፈ። አሥር እስክሪብቶ ግን ለሦስት ሰው ቢካፈል ጠብ ነው። አብዱልቃኒ ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል ቢለኝም መልሼ ለአራት ከፈልኩት።

ለመሆኑ አሥርን ማን ሾመው? ጣት ነው የሾመው። ሰው እጁ ላይ አሥር ጣት ስላየ ዓለምን ሁሉ በአሥር በአሥር ጠቀለላት። የቀኑ ሰዓት አሥራ ሁለት፣ የሌሊቱ አሥራ ሁለት፣ ወሩ አሥራ ሁለት (ጳጉሜን ምርቃት ናት)፣ ሐዋርያት አሥራ ሁለት። አሥር ምን አለው? አሥርቱ ትእዛዛት አሉት። እነሱንም ማን ይጠብቃቸዋል።

በአሥር ስንቆጥር አሥር ሲሞላ አንድ ጥቅል እናደርግና 10 ብለን እንጽፋለን። በአሥራ ሁለት ብንቆጥር ደግሞ 10 ማለት አንድ ደርዘን ይሆናል፣ 20 ማለት ሁለት ደርዘን። እንግዲህ ስልሳ አምስት ደርዘን ነው፣ ትርፍ የለውም። ሲጻፍ 50።

ሃምሳ።

እስክሪብቶዬን ባንኮኒው ላይ ረስቼ ቤቴ ገባሁ። ሃምሳ ዓመቴ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላውን ሰው ማንም ጡረታ አያወጣውም።

(ወረቀቱ ላይ ያለው ዕድሜ ልክ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን እዚህ አልጽፍም።)

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ለጥሩነሽ ነገርኳት። አንቺም ብትሆኚ ሃምሳ አራት ሳይሆን አርባ ስድስት ነሽ አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ሽንኩርቷን እየላጠች፣ ይኼንን ለጉልበቴ ንገርልኝ፣ እሱ በሌላ ነው የሚቆጥር አለችኝ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ናት እንግዲህ።

አንድ ችግር አለ። በአሥራ ሁለት ለመቁጠር ለአሥርና ለአሥራ አንድ አንዳንድ አዲስ ምልክት ያስፈልጋል፤ 10 ደርዘን ሆኗላ። ብዙ አሰብኩ። አሥርን «ሀ»፣ አሥራ አንድን «ለ» አልኳቸው። ከ9 ቀጥሎ ሀ፣ ከሀ ቀጥሎ ለ፣ ከዚያ 10። እንዴት ያምራል።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

የመምህራን ማረፊያ ውስጥ አሥራ ሁለትን እያስረዳሁ ሳለ የብርጓል ገባች። የብርጓል ማለት ከደብረ ማርቆስ ተመርቃ የመጣችው ልጅ ናት፤ ጥር ላይ ክፍሌን የምትረከበው እሷ ናት። ዘጠነኛ ክፍል እያለች በጣቷ ስትቆጥር አግኝቻት ጣቷን በማስመሪያ የመታሁባት ልጅ። እሷ ትርሳው አትርሳው አላውቅም። እኔ አልረሳሁም።

አዳምጣኝ ስታበቃ፣ ጋሼ ኮምፒውተር እኮ የሚቆጥረው በሁለት ነው፣ ዜሮና አንድን ብቻ ነው የሚያውቅ አለች። ታዲያ ስልሳ ለእሱ ስንት ነው አልኳት። ሰሌዳው ላይ 111100 ብላ ጻፈች። መቶ አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ! ይቺ ልጅ ሰው አታስረጅም፣ ሬሳ ታደርጋለች። በሁለት መቁጠርን በዚያው ተውኩት።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ማመልከቻ አስገባሁ። እስከ ሰኔ 30 እንዲራዘምልኝ። ምክንያቱን በሦስት ገጽ ዘረዘርኩ፤ አራተኛው ገጽ የመቀየሪያ ሠንጠረዥ ነው። «ስለዚህ አመልካቹ በተሻለው አቆጣጠር ገና 50 ዓመታቸው በመሆኑ» የሚለውን ይታያል ሁለት ጊዜ አነበበው። ጋሼ፣ ይኼ ነገር ቀልድ ነው ወይስ ወደ ላይ ልላከው አለኝ። ላከው አልኩት። እስቲ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ከገና በፊት መልስ እሰጥዎታለሁ አለ። ክፍልፋይ ሲያይ የሚያሳየው ፊት ነበረው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

የዕድራችን የንብረት መዝገብ ጠርዙን አይጥ በላው። ጸሐፊው እኔ ነኝና በአዲስ ደብተር ገለበጥኩት፤ ብርጭቆ፣ ሳህን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ድንኳን። እግረ መንገዴን በአሥራ ሁለት ጻፍኩት። ለሙከራ ነው። ሕዝብ አንድ ነገር የሚለምደው ሲያየው ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ «ቁጥሮቹ በአሥራ ሁለት አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው» የሚል ማስታወሻ በትንሽ ፊደል አኑሬያለሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ኅዳር ሲታጠን ጥሩነሽ የግቢውን ቆሻሻ ስታቃጥል ሠንጠረዦቼንም አብራ ልታቃጥል ስትል ደረስኩባት። አውቃ ይሁን ሳታውቅ እንጃ። ሁለቱ ጠርዛቸው ተለብልቧል።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ያዙኝ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ ጾምና በዓሉን እንደ ቤታቸው ዕቃ ነው የሚያውቁት። አሥራ ሁለት እያልክ ከተማ ታውካለህ ይባላል አሉኝ። አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ አሥራ ሁለትማ ገና ልጅ ነው፣ ቁጥር ማለት ስልሳ ነው አሉ። ለካ ሊቃውንቱ አንዱን ዕለት የሚከፍሉት በስልሳ ኬክሮስ ኖሯል። ስልሳ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት፣ ለስድስት ይከፈላል። አምስትን የእኔ አሥራ ሁለት አይችለውም። እንደረቱኝ አውቀው ደስ አላቸው።

ታዲያ በርስዎ አቆጣጠር ስልሳ ሲሞላ ምን ይሆናል አልኳቸው። እንደ ቀልድ ነው የጠየቅሁት።

«ስልሳ ሲሞላማ አንድ ይባላል እንጂ አለቀ አይባልም» አሉኝ።

ከዚያ ከግዕዙ ቁጥር ውስጥ ዜሮ የሚባል እንደሌለ፣ ባዶን ቁጥር ብለን ያመጣን እኛ የዘመኑ መምህራን እንደሆንን እየተቆጡ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

የፈተና ውጤት በአሥራ ሁለት ሰጠሁ። ከሃያ አሥራ ስምንት ያገኘችው ልጅ 16 የሚል አይታ አለቀሰች። ስድስት ያገኘው 6 ሆኖ ቀረ። ለሰነፍ በየትኛውም አቆጣጠር ያው ነው። የብርጓል ሌላ ዝርዝር በአሥር ጽፋ ከጎኑ ለጠፈች። አላስፈቀደችኝም። ልጆቹ የሷን ነው የሚያነቡት።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

የዕድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ነበር። ዘንድሮ ንብረት እንዲመረምር የተመረጠው ይታያል ነው። መዝገቤን ገልጦ ቆመ። «ብርጭቆ፣ ሁለት መቶ አሥር» አለ። ሰዉ ተንጫጫ። አምና ሦስት መቶ ነበር፣ ዘጠናው የት ገባ? ይታያል ቀጠለ። «ሳህን፣ አሥራ ስምንት... ሀ።» ሀ ምንድን ነው አለ አንዱ። ደረጃ ሀ ማለት ይሆናል አለ ሌላው። ሁለት መቶ ሃምሳ ሳህን የነበረው ዕድር ደረጃ ሀ የሆነ አሥራ ስምንት ሳህን ብቻ ቀረው ማለት ነው። አግዳሚ ወንበር አርባ የነበረው ሠላሳ አራት። «ብረት ድስት፣ ለ።» ለማን ተሰጠ ብለው ጮኹ። ድንኳን ሁለት። እሱ ብቻ ደኅና ወጣ።

ሰው ሁሉ ወደ ዕቃ ጠባቂው ወደ መሳፍንት ዞረ። መሳፍንት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ የሚያስቀድስ ሰው ነው። አንዲት ማንኪያ ጠፍታ ለቅሶ ቤት ድንኳን እስኪነሳ ጠብቆ ሣር ውስጥ የፈለጋት እሱ ነው። መሪጌታ የሳምንት ጊዜ ሰጡት፣ ዕቃውን ቆጥሮ እንዲያስረክብ።

እኔ ልናገር ተነስቼ ነበር። ግማሽ ያህል ተነስቼ ነበር። ይታያል ቀና ብሎ አየኝ፤ የሠንጠረዡን ገጽ እንዳልገለጠው ገባኝ። ማመልከቻዬ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። የዕድር ብርጭቆ መጻፍ ያቃተውን ሰው እስከ ሰኔ ያስተምር ይላል? ቁጭ አልኩ። ለነገሩ ማስታወሻው መጨረሻ ገጽ ላይ አለ። ያላነበቡ እነሱ ናቸው።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

መሳፍንት መንገድ ላይ ሰላም አለኝ። ምነው ባላለኝ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

አብዱልቃኒ ሱቅ የሰማሁት፦ የመሳፍንት ልጅ ደብረ ማርቆስ ላይ ምግብ ቤት ከፍታለች አይደል፣ ብርጭቆው ከየት የመጣ ይመስልሃል። እንዲህ ያለው ሰው ስኳሩን ተቀብሎ ወጣ። አብዱልቃኒ እኔን እያየ፣ መምህር፣ ምላስ እንደሁ አጥንት የለው አለኝ። እኔ አጥንት የሌለኝ እዚህ ደረቴ ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

መሳፍንት ዛሬ አመሻሽ ላይ ቤቴ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ለመቀመጥ እንኳ አልፈለገም።

«መምህር፣ እርስዎ ሒሳብ ያውቃሉ። እኔ ሦስት ጊዜ ብቆጥረው ሦስት ጊዜም ሦስት መቶ ነው የሚመጣብኝ። ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው?»

ነገ ከነገ ወዲያ እናየዋለን አልኩት። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። አመሰገነኝ። ጥሩነሽ እራቱን አቅርባ ሳህኔ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እሷ ሳትበላ ታየኛለች። ምን ሆንሽ አልኳት። ምንም አለች። እኔን ያየ ይቀጣ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ተናገርኩ።

መሳፍንት ብርጭቆዎቹን ሁሉ ዕድሩ ቤት ደጅ ላይ ደርድሮ በሰው ፊት ቆጠረ። ሦስት መቶ። ሰዉ መዝገቡ ምን ነካው ሲል ተነሳሁ፣ ዛሬስ ሙሉ በሙሉ ተነሳሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ሁለት መቶ አሥር ያልኩት ሁለት መቶ አሥር እንዳልሆነ፣ ሀ ደረጃ እንዳልሆነች፣ ድስቱም ለማንም እንዳልተሰጠ፣ ቁጥሩ አሥራ አንድ እንደሆነ አስረዳሁ። መጀመሪያ አንዲት ሴትዮ ሳቀች፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ። መሪጌታ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሲስቁ እኔም ቀለለኝ። መሳፍንት ግን አልሳቀም።

«ዘጠናውን ብርጭቆ ከላዬ አንስተውልኛል» አለኝ፤ «ሳምንቱን ግን ማን ያነሳልኛል?»

ይቅር በለኝ አልኩት። መሪጌታ ቅጣት ፈረዱብኝ። ሦስት መቶውን ብርጭቆ እንዳጥብ፣ መሳፍንት ቆሞ እንዲቆጥር፣ ያውም በአሥር በአሥር። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አጠብኩ። ውሃው በረዶ ነበር። መሳፍንት አንዱንም እንከን አያልፍም፤ ስምንቱን አስደግሞኛል። ሁለት መቶ አሥረኛው ላይ ስንደርስ፣ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ያለው የሰረቅሁት ነው፣ በደንብ እጠቡልኝ አለ። ያን ጊዜ ነው የሳቀው።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ከተማው ውስጥ መምህሩ ጃጀ እየተባለ ነው። መናኸሪያው ጋ ሁለት ጎረምሶች ሲያዩኝ አንደኛው «ሀ» አለ፣ ሌላኛው «ለ»።

ይታያል ቢሮው አስጠራኝ። ደግ ሆነብኝ፤ ደግነቱ ነው ያስፈራኝ። ጋሼ፣ ለማራዘም ራሱ የወላጅ ኮሚቴው መስማማት አለበት፣ አሁን በዚህ ወሬ መሐል ምን ብዬ አቀርባለሁ አለኝ። እስከ ገና ልሞክር፣ ተስፋ ግን አያድርጉ።

ዘጠነኛ «መ» ዛሬ ክፍለ ጊዜው ካለቀ በኋላ እንኳ አልወጡም። አንድ ጥያቄ አላለቀላቸውም ነበር። እስከ ሰኔ ብቆይ። እስከ ሰኔ ብቻ።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ጥሩነሽ ሳትነግረኝ እህቴን እትዬ ወለተ ሥላሴን ከምትኖርበት ከሮብ ገበያ አስመጣቻት። ይታያልን በሽምግልና ልትለምንልኝ ነው። እትዬ ወለተ ሥላሴ ከሚኒባሱ ሁለት ዶሮ ይዛ ወረደች። ዶሮዎቹ ለርዕሰ መምህሩ ናቸው አለች። ተይ ይኼ ጉቦ ነው ብላት፣ ጾም ስለሆነ አሁን አይበላቸውም፣ ስለዚህ ጉቦ አይባልም አለችኝ።

ከእሷ ጋር ወደ ይታያል መሄድ አልፈለግሁም። ለምን እንደሆነ አልጽፍም።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

ጉድ ፈላ።

እትዬ ወለተ ሥላሴ እኔን እየጎተተች ይታያል ቢሮ ገብታ ግንባሩን ስማ ተቀመጠች። ዶሮዎቹ በር ላይ ታስረዋል። ወንድሜ እንዲህ ጎበዝ፣ ወንድሜ እንዲህ ብርቱ እያለች ሳለ፣ ይታያል በአክብሮት፣ እናቴ፣ ችግሩ ጉብዝናው አይደለም፣ ዕድሜያቸው ነው አላት።

«የምን ዕድሜ ነው?» አለችው። «እኔ ሰባ ሞልቶኝ እርሻ ላይ እውላለሁ። እሱን ሰባት ዓመቴ ላይ ሆኜ አዝዬ ነው ያሳደግሁት፤ ገና ስልሳ ሦስቱ እኮ ነው!»

ይታያል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ከሰባ ሰባት ሲቀነስ እያለ ነው። ክፍልፋይ ባይሆንለትም መቀነስ ይችላል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወደ እኔ ዞረ። ግድግዳው ላይ ያለውን የትምህርት መርሐ ግብር ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛዋ ዶሮ ደጅ ላይ ጮኸች። እትዬ ወለተ ሥላሴ ነገሩን ያሳካችው መስሏት እየመረቀችው ወጣች።

ረስቼው ነበር ማለት እችላለሁ። አልረሳሁትም። ለመምህርነት ልመዘገብ የሄድኩ ጊዜ ዕድሜህ አልፏል እንዳይሉኝ ሦስት ዓመት ቆረጥኩ። በአሥርም፣ በአሥራ ሁለትም፣ በስልሳም ቢቆጠር ውሸት ነው።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ጥሩነሽን፣ ታውቂ ኖሯል ወይ አልኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ስንተጫጭ ራስህ ነግረኸኛል። አንተ የረሳህ መስሎህ ነው እንጂ እኔ አልረሳሁም።»

ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ስልሳ ስልሳ እያልኩ ስቃጠል ለምን ዝም አልሽ አልኳት። የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ስልሳን ካለፍከው እኮ ሦስት ዓመትህ ነው» አለችኝ። «የሞላልህ ዕለት ምን ሆንክ? ትዝ ይልሃል?»

አሰብኩ። የምር አሰብኩ። ያን ዓመት ጥር 9 ምን ቀን እንደዋለ እንኳ አላውቅም። ክፍል ገብቼ የነበር ይመስለኛል። ጠመኔ በእጄ ይዤ፣ አንዱን ልጅ እየተቆጣሁ። ማንም አላየውም። እኔም አላየሁትም። ስልሳ በአጠገቤ አልፎ ሄዷል፣ እኔ ደግሞ ከፊቴ ይመጣል ብዬ በአሥራ ሁለት አጥር ሳጥርበት ከረምኩ። ሳቅ መጣብኝ። ቀጥሎ የመጣውን አልጽፍም፤ ጥሩነሽ ግን ሸሚዙን ሰጥታኝ ወጣች። ሸሚዙ እንደገና መታጠብ አለበት።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ይታያል ቢሮ ሳልጠራ ሄድኩ። ቁጭ በሉ አለኝ፣ አልተቀመጥኩም።

«አምስት ወር ጨምርልኝ ብዬህ ነበር፤ ተወው» አልኩት። «እኔ ሦስት ዓመት ቀድሜ ወስጃለሁ።»

በሩን ተነስቶ ዘጋው። እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በዚህ ቢሮ አልተነገረም አለኝ። እትዬ እንዳይቀየሙኝ ንገሩልኝ፣ ዶሮዎቹንም ውሰዱልኝ፣ ከዓርብ ጀምሮ መዝገብ ቤቱ ውስጥ እየጮኹ ሥራ አላሠሩንም አለ። ልወጣ ስል፣ እስከ ጥር 8 ክፍሉ የእርስዎ ነው አለኝ።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ

ገና። አንደኛዋን ዶሮ ጥሩነሽ ሠራቻት። አሥራ ሁለት ብልት። አንድም ቃል አልተናገርኩም፣ እሷ ግን አፌን እያየች ስትጠብቀኝ ነበር።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ነገ። የስንብት ንግግር ጻፍኩ፤ ቀደድኩት። ስለ አሥራ ሁለት አንድ ገጽ ነበረው። የቀረውን ምዕራፍ በሦስት ቀን አስሮጬ ልጨርስ ብዬ ነበር፣ አልሆነም። አምስት ጥያቄ ቀረ። ሸሚዝ አልተተኮሰም።

ጥር 8፣ ዓርብ

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሦስተኛው ነበር። የብርጓል ለመረከብ ከኋላ ተቀምጣለች። ንግግር አላደረግሁም። እንደማንኛውም ቀን ገብቼ፣ ደብተር አውጡ ብዬ፣ ካለፈው የቀረውን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን መስመር ሠራሁ። ሁለተኛው ላይ እጄ ቆመ። ማስላቱ አልጠፋብኝም። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ።

የብርጓል ከኋላ መጣችና እጇን ዘረጋች። ጠመኔውን ሰጠኋት። ያቋረጥኩትን መስመር ሳትሰርዝ ከዚያው ቀጠለች። መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። እሷ ወደተነሳችበት የመጨረሻው ወንበር ሄድኩ። ጉልበቴ ጠረጴዛው ስር አይገባም። ከጎኔ ያለችው ልጅ ደብተሯን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ፣ እንዳነብ።

የብርጓል ዞራ፣ ቀጥሎ ምን እናደርጋለን ብላ ጠየቀች። ሳላስበው እጄን አወጣሁ። እንዲያ ካደረግሁ ከአርባ ዓመት በላይ ይሆናል። አየችኝ። ሁልጊዜ የሚመልሱት ይቆዩ፣ ዛሬ ሌላ ሰው ይሞክር አለችና አለፈችኝ። እጄን አወረድኩ።

ከጎኔ ያለችውን ልጅ አስነሳቻት። ልጅቱ ስትነሳ እጇን ጠረጴዛው ስር አድርጋ በጣቷ ትቆጥር ነበር። መለሰች፣ ተሳሳተች። ክፍሉ ሊስቅ ሲል የብርጓል እጇን ከፍ አደረገች። ልጅቱ ከጠረጴዛው ስር እንደገና ቆጠረች። የብርጓል ሰሌዳው ጋ ቆማ ጠበቀቻት፣ ሰዓቷን አላየችም። ልጅቱ አገኘችው።

እኔ ብሆን ያን ያህል አልጠብቃትም ነበር።